ወደ ሰሪ፦ ከአባቴ ጋር ወደ ጥንታዊው የጡብ ቤት

የመጀመሪያው ቀን፣ ዓርብ

አባቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ ከመጡ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። አርባ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸውና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የምንኖርበትን ሰፈር በየማለዳው በእግራቸው እየዞሩ ቤቱን ሁሉ ሲመረምሩ ሰነበቱ፤ አንድ ቀን ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ «ልጄ፣ እዚህ ያየሁት ጡብ ሁሉ የተለጠፈ ነው፤ ሸክም የተሸከመ አንድም አላገኘሁም። እውነተኛው ግንብ ወዴት ነው ያለው?» አሉኝ። እንዳሉትም ዛሬ በዚህ አካባቢ ከሚሠሩት ቤቶች አብዛኞቹን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው እንጨት ሲሆን፣ ጡቡ ከውጭ የሚደረብ ልብስ ነው።

ይህን ጉዞ ያቀድሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። መድረሻችን በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂኒያ፣ ከጄምስ ወንዝ ማዶ በሰሪ ካውንቲ የሚገኘውና ቤከንስ ካስል ተብሎ የሚጠራው ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1665 የተሠራ ሲሆን፣ በዩናይትድ ስቴትስ ዕድሜያቸው በማስረጃ ከተረጋገጠ የጡብ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቴ የካውንቲውን ስም ስነግራቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «ሠሪ ነው ያልሽኝ? ጥሩ ስም ነው» አሉ። ስሙ ከእንግሊዝ አገሩ ሰሪ የተወሰደ ቢሆንም በእርሳቸው ጆሮ እንዲያ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ በሌላ ትርጉም ልሰማው አልቻልሁም።

ማለዳ ተነሥተን በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድን፤ ከሪችመንድ በኋላ በ64 ቁጥር ወደ ምሥራቅ ታጠፍንና ቀትር ካለፈ በኋላ ጄምስታውን ደረስን። ጄምስታውን እንግሊዞች በ1607 የሰፈሩባት፣ በዚህ ምድር የመጀመሪያዋ ቋሚ መንደራቸው ናት። ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ሥራ ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታየው ግን የቤተ ክርስቲያኑ የጡብ ማማ ብቻ ነው፤ ከጀርባው የተያያዘው ሕንፃ በ1907 ለመታሰቢያነት የተሠራ ነው። አባቴ ማማውን ከእግር እስከ ራሱ ከተመለከቱ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ የሙያቸውን ሕግ ነገሩኝ፦ «ግንብ ከእግሩ አይሞትም፤ ከራሱ ነው የሚሞተው። ጣራው ሄዶ ከላይ ውሃ የገባበት ግንብ ምንም ቢወፍር ዕድሜ የለውም።» ይህች ቃል ሦስቱንም ቀን ተከተለችን።

ወንዙን የተሻገርነው መኪና በሚጭነው የመንግሥት ጀልባ ነው። ጀልባው ቀንም ሌሊትም ያለ ክፍያ ያመላልሳል፤ መሻገሩ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ጄምስ እዚህ ላይ ወንዝ ከመባል ይልቅ ሐይቅ ቢባል ይቀላል። አባቴ ከመኪናው ወርደው ከፊት በኩል ባለው አጥር ተደግፈው ቆሙ፤ ነፋሱ ነጠላቸውን ሲያውለበልበው ጎናቸው የነበሩት ተሳፋሪዎች ፈገግ ብለው ሰላምታ ሰጧቸው፣ እርሳቸውም ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ እጅ ነሱ።

ማዶ ስንደርስ ከተማ የሚባል ነገር የለም። ጥቅምት እያለቀ ነበርና በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ጥጥ ፈንድቶ ማሳው ነጭ ሆኗል፤ ከጥጡ ቀጥሎ የኦቾሎኒ ማሳ፣ ከኦቾሎኒው ቀጥሎ የጥድ ደን ይከተላል። ያደርነው በአጎራባቹ ካውንቲ በስሚዝፊልድ ነው። ይህች ከተማ በአሳማ ሥጋዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ስትሆን ለእኛ ደግሞ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ስለዚህ በዚያው የተቆላ ኦቾሎኒ ገዝተን፣ ከቤት ይዘነው የመጣነውን ዳቦ ቆሎ ጨምረንበት በሻይ እራታችንን በላን።

ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ሰሪ ካውንቲ ሕዝቡ ሰባት ሺህ የማይሞላ የገጠር አውራጃ ነው። በ10 ቁጥር መንገድ ጥቂት ነድተን፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ስንል ቤቱ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። መኪናውን ሳላቆመው አባቴ በሩን ከፈቱ።

ቤቱን በፎቶግራፍ ማየት ሌላ ነው፣ ከፊቱ መቆም ሌላ ነው። ፎቅ ያለው ሆኖ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ግድግዳዎች ከጣሪያው በላይ ያልፋሉ፤ ጫፋቸውም እንደ ተራ ቤት ቀጥ ብሎ ሾጥጦ አያበቃም፤ አንዴ ደረጃ እየሠራ፣ አንዴ እንደ ደጋን እየጎበጠ ወደ ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት የጭስ መውጫዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊታቸውን ከግድግዳው ጋር አላስተካከሉም፤ ሦስቱም ማዕዘናቸውን ወደ ፊት አዙረው፣ ጥግ ለጥግ ተያይዘው ነው የቆሙት። እንዲህ ያለው አሠራር በእንግሊዝ በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተለመደ ሲሆን፣ በአሜሪካ አህጉር አካባቢ ከዚህ ቤት ሌላ የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በባርቤዶስ ደሴት ይገኛሉ።

አባቴ ቤቱን በዝግታ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከፊት በኩል የመግቢያው ክፍል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ የደረጃው ማማ ወጣ ወጣ ብለው ስለተሠሩ መሠረቱ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ይህን ሲያስተውሉ ቆም ብለው አማተቡ፣ ከዚያም ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አሉና መነጽራቸውን አወጡ።

«ነይ እዪ» አሉኝ። «ይኼኛውን ረድፍ ቁጠሪው። ጡቡ ሁሉ በርዝመቱ ተኝቷል። ከላዩ ያለውን ደግሞ እዪ፤ ጭንቅላት ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ እንደገና በርዝመቱ። ለምን ይመስልሻል?»

እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

«ጭንቅላቱ የሚታየው ጡብ ወደ ውስጥ ገብቶ የውጩን ፊትና የውስጡን ፊት አንድ ላይ ይይዛል። እኛ በድንጋይ ስንሠራ ማሰሪያ የምንለው ነው። እዚህ ቤት ላይ ማሰሪያው አልፎ አልፎ አይደለም፤ አንድ ረድፍ ሙሉ ማሰሪያ ነው። ብዙ ጡብ ይበላል። ይህን ያሠራው ሰው አልሰሰተም፤ የሠራውም አልቸኮለም።»

ይህ አደራደር እስከ ዛሬ በግንበኞች ዘንድ የእንግሊዝ አደራደር ይባላል፤ በኋላ ዘመን በቨርጂኒያ የተስፋፋው ግን አንድ ጡብ በርዝመቱ፣ አንዱ በጭንቅላቱ እየተፈራረቁ በአንድ ረድፍ የሚገቡበት የፍሌሚሽ አደራደር ነው። አባቴን ከአደራደሩ ይልቅ ያስደነቃቸው ማጣበቂያው ነበር። ዓይናቸውን አስጠግተው ሲያዩት በኖራው ውስጥ ነጫጭ ስብርባሪ አለ፤ ሳይጭሩት ጣታቸውን አሳረፉበትና ዝም አሉ። በዚህ ዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ አገር የኖራ ድንጋይ እንደልብ አይገኝምና ሰዎቹ ከወንዙና ከባሕሩ የሚወጣውን የኦይስተር ዛጎል አቃጥለው ኖራ ያወጡ ነበር፤ በደንብ ሳይቃጠል የቀረው የዛጎል ቁራጭ ነው በግንቡ መካከል ነጥብ ነጥብ ሆኖ የቀረው። ጡቡም ቢሆን በዚያ ዘመን ከዚሁ አካባቢ ጭቃ ተቆፍሮ፣ በእንጨት ፍሬም ተመትቶ፣ ከደረቀ በኋላ እዚያው በተቆለለበት እሳት እየተለቀቀበት የሚጠበስ ነበር። ለእሳቱ የቀረበው ይጠቁራል፤ የራቀው ገርጥቶ ይቀራል። የግድግዳው ቀለም ወጥ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ይህን ሳላውቅ በፊት ዕድሜ ያደበዘዘው ይመስለኝ ነበር።

በተቀጠረልን ሰዓት አስጎብኚዋ መጥታ ወደ ውስጥ አስገባችን። እኔ አስተረጉማለሁ፣ አባቴ ይጠይቃሉ። ቤቱን ያሠራው አርተር አለን የተባለ ከእንግሊዝ የመጣ ባለሀብት ነው፤ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ «የአለን የጡብ ቤት» ይባል ነበር። አባቴ «ዓመቱን በምን አወቁት?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸውን አስጎብኚዋ ወደደችላቸው፤ የጣሪያውን ተሸካሚ ግንዶች የዕድገት ቀለበት ከሌሎች ዛፎች ቀለበት ጋር በማመሳከር ዛፎቹ የተቆረጡበትን ጊዜ ባለሙያዎች እንደለዩት፣ ውጤቱም 1665 እንደሆነ አስረዳቻቸው። አባቴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መለሱትና ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል ገና በዙፋናቸው እንደነበሩ ነገሯት። እርሳቸው ተወልደው ያደጉት ከዚያ ግንብ ብዙም በማይርቅ አገር ነው። ትርጉሙን ስነግራት አስጎብኚዋ የንጉሡን ስም ሁለት ጊዜ አስደግማኝ በወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

መኖሪያው ከመሬቱ ፎቅ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች አሉት፤ ከሥሩ ምድር ቤት፣ ከላዩ የመኝታ ክፍሎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጣሪያው ሥር ያለው ቆጥ ይገኛል። ደረጃው በኋላው ማማ ውስጥ ስለሚዞር ክፍሎቹን አያጣብብም። መስኮቶቹ መጀመሪያ በእርሳስ የተያያዙ ትንንሽ መስታወቶች የነበሯቸው ሲሆን፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተቱት ተተክተዋል። አባቴ በአንዱ መስኮት ደፍ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው የግድግዳውን ውፍረት ለኩ፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ያለው ሁሉ አረፈበት።

ስሙ ግን ከአለን ወደ ቤከን እንዴት ተለወጠ? ናትናኤል ቤከን በዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም፤ ረግጦት እንደነበር እንኳ ማስረጃ የለም። በ1676 በገዢው በዊልያም በርክሊ ላይ የተነሣው ዐመፅ መሪ እርሱ ነበር። የትምባሆ ዋጋ ወድቆ፣ ግብር ከብዶ፣ ከአገሬው ተወላጆች ጋር በድንበር የሚደረገው ውጊያ ተባብሶ በነበረበት ጊዜ ቤከን ሰው አስከትሎ ተነሣ፤ ከገዢው ጋር ብቻ ሳይሆን ከቅኝ ግዛቱ ጋር በሰላም ይኖሩ ከነበሩት ተወላጆች ጋርም ተዋጋ፣ ብዙዎችንም ገደለ። በመስከረም ወር ትናንት ያየናትን ጄምስታውንን አቃጠላት። በዚያው ሰሞን በዊልያም ሩኪንግስ የተመሩ ሰባ ያህል ተከታዮቹ የገዢው ወዳጅ የነበረው የአለን ልጅ በሌለበት ይህን ቤት ያዙት፤ ከሦስት ወር በላይ ተቀምጠውበት ወይኑን ጠጡ፣ ከብቱን አረዱ። ቤከን ራሱ በጥቅምት ወር በተቅማጥ በሽታ ሞተ፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የገዢው ወገኖች ሲመጡ ቤቱን የያዙት ሰዎች ጥለውት ሸሹ። በርክሊ ከዐመፀኞቹ ሃያ ሦስቱን ሰቀለ። «የቤከን ግንብ» የሚለው ስም የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ አባቴ በጥሞና አዳመጡ፤ ሲያልቅ ግን ስለ ዐመፁ አልጠየቁም። «ጡቡን የመቱት ሰዎችስ?» አሉ። «ስማቸው የት ተጻፈ?»

አስጎብኚዋ የአንዳቸውም ስም እንደማይታወቅ በግልጽ ነገረችን። በ1660ዎቹ ቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት የመርከብ ዋጋቸውን ለመክፈል ለዓመታት በውል የተያዙ እንግሊዞችና ከአፍሪካ ተወስደው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ቤቱ ከመሠራቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1662፣ የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይወርሳል የሚል ሕግ አውጥቶ ባርነት ከማሕፀን እንዲጀምር አድርጎ ነበር። ቤከን ለሚከተሉት ባሮችና በውል የተያዙ አገልጋዮች ነፃነት እንደሚሰጣቸው ቃል ገብቶ ስለነበር፣ እርሱ ከሞተ በኋላ እንኳ በሌላ ስፍራ ጦር መሣሪያ አናስረክብም ብለው ከቀሩት መቶ ሰዎች ሰማንያው ጥቁሮች፣ ሃያው እንግሊዞች ነበሩ። ነፃነቱ ግን አልመጣም፤ ይልቁንም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የባርነቱ ሕግ እየጠነከረ፣ ጥቁሩንና ነጩን ሠራተኛ የሚለየው ግድግዳ እየረዘመ ሄደ።

ከዋናው ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ በ1829 የተሠራና በኋላ የተስፋፋ የእንጨት ቤት ቆሟል፤ በባርነት የተያዙ ቤተሰቦች ይኖሩበት የነበረ ነው። በመላው ደቡብ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፣ ይህኛው ተርፏል። ወለሉ ላይ ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት ከአንድ ምድጃ ዙሪያ ስንት ሰው ይተኛ እንደነበር ለመገመት ሞከርሁና ተውሁት። አባቴ የማገሩን አገጣጠም በእጃቸው እየዳሰሱ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለጡቡ ቤት ይህን አላደረጉም ነበር።

ከቤቱ አጠገብ ያለውን የአትክልት ስፍራ ያየነው በመጨረሻ ነው። በ1980ዎቹ አርኪኦሎጂስቶች ማሳውን ሲቆፍሩ ከታረሰው አፈር ሥር በ1680 አካባቢ የተዘረጋ ሰፊ የአትክልት ስፍራ አገኙ፤ ስድስት ትላልቅ መደቦችና በመካከላቸው ነጭ አሸዋ የፈሰሰበት ሰፊ መንገድ ነበረው። ዛሬ መደቦቹ በቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል። የወቅቱ መጨረሻ ስለሆነ ብዙም የሚታይ አልነበረም።

ወደ መኪናችን ስንመለስ ቤቱ እንዴት እስከ ዛሬ እንደደረሰ ለአባቴ በአጭሩ ነገርኋቸው። የአለን ቤተሰብ እስከ 1844 ድረስ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ የገዛው ሃንኪንስ የተባለ ሰው በ1850ዎቹ ከጎኑ አዲስ ክንፍ ጨመረበት፤ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ወደ ዋረን ቤተሰብ ተላልፎ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎች ኖሩበት፤ በ1973 ዛሬ ፕሪዘርቬሽን ቨርጂኒያ የሚባለው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ገዛው። «ባዶ አላደረም ማለት ነው» አሉ። «ሰው ያለበት ቤት ጣራው ሲያፈስ የሚያየው አለ።» ደጋግሜ አሰብሁበት። ቤተ መዘክር ለመሆን ከመብቃቱ በፊት ቤቱን ያዳነው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በየክረምቱ ጣራውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አለመታጣቱ ነው።

ሦስተኛው ቀን፣ እሑድ

እሑድ በመሆኑ ጸሎታችንን ባረፍንበት ክፍል አድርሰን ከስሚዝፊልድ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ይህም ከጥንታዊዎቹ የጡብ ሥራዎች አንዱ ነው። ቀድሞ በ1632 እንደተሠራ በአፈ ታሪክ ይነገር ነበር፤ አሁን ተቀባይነት ያገኘው ዘመን 1680ዎቹ ነው። አባቴ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «እዚህ አደራደሩ ተለውጧል» አሉ፤ ልክ ነበሩ፣ ፍሌሚሽ ነው።

ግድግዳውን ሲከተሉ ወደ ምሥራቁ ጫፍ ደረሱና ቆሙ። «ይህ ጎን እንደ ሌላው አይደለም፤ ተነክቷል» አሉኝ። ከጽሑፉ እንዳነበብሁላቸው ቤተ ክርስቲያኑ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ምእመን አጥቶ ተዘግቶ ቆይቶ ነበር፤ በ1880ዎቹ በተነሣ ዐውሎ ነፋስ ጣራው ወደቀ፣ የምሥራቁንም ግድግዳ ከፊሉን ይዞት ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው መዋጮ ተሰብስቦ የተጠገነው፤ በ1950ዎቹም እንደገና ታድሷል። አባቴ ሲሰሙ ምንም አልጨመሩም፤ ዓርብ ዕለት የነገሩኝን እንዳስታወስሁ ከፊቴ አውቀዋል።

በመመለሻችን እንደገና በቤከንስ ካስል በኩል ማለፍ ነበረብን። አባቴ «አንድ ጊዜ ብቻ አቁሚልኝ፣ ያልገባኝ ነገር አለ» አሉ። ከመግቢያው ዳር ቆመን ያልገባቸውን አሳዩኝ፤ ሦስቱ የጭስ መውጫዎች ነበሩ። ማዕዘን ለማዕዘን ከተያያዙ፣ የተያያዙበት ቦታ ጡብ መቆረጥ አለበት፤ ጡብ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ማሰሪያው ይላላል፤ እንዲህም ሆኖ ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኪሳቸው ቱንቢ ያለበትን ክር አውጥተው፣ ክንዳቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሩቅ ለኩት። ቱንቢውን ከአዲስ አበባ ይዘው መምጣታቸውን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

«አልዘመመም» አሉ ክሩን እየጠቀለሉ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ መሸት ብሎ ነበር። ዓርብ እንዳደረጉት ወደ አጥሩ አልሄዱም፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የውስጡን መብራት አስበሩኝና በያዝሁት ማስታወሻ ደብተር ጀርባ ላይ ጡብ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱን ረድፍ ሳሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ደርበው ሳሉበት፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰረዙት። ጄምስታውን ልንደርስ ስንል ገጹን ገልብጠው እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ሞተራቸውን አስነሥተው ነበርና «ቆይ፣ ማዕዘኑ አሁን መጣልኝ» አሉኝ።